ከጀማ ማዶ እስከ ጥቁር አንበሳ፦ የስትሮክን ጉዳት ለመቀነስ የሚተሳሰር ምርምር

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚፈሰው ደም በድንገት ሲቋረጥ ወይም አንጎል ውስጥ ያለ የደም ሥር ሲፈነዳ የሚደርስ ጉዳት ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ቢመዝንም፣ ልብ ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛውን ገደማ ይወስዳል። ኦክስጅንም ሆነ ስኳር አጠራቅሞ ማቆየት ስለማይችል፣ ደም ሲቋረጥበት ሴሎቹ በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራሉ። በ2006 የታተመ አንድ የታወቀ ስሌት፣ ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ያለ ሕክምና በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴሎች እንደሚጠፉ ያሳያል። በዚህ ዝግጅት የሚጠሩት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዓለም ዙሪያ በ2019 ብቻ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አዲስ ስትሮክ ደርሶባቸዋል፤ ከ6 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰዎችም በስትሮክ ሞተዋል። አብዛኛው ሞት የደረሰው ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። ስትሮክ የሀብታምና የሽማግሌ በሽታ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ እውነት ጋር አይሄድም።

ምልክቱ ድንገተኛ ነው። የፊት አንድ ጎን ይወርዳል ወይም ይጣመማል፤ አንድ እጅ ወይም እግር ይዝላል፤ ንግግር ይኮላተፋል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። አንዳንድ ጊዜ የአንድ ዓይን ብርሃን ይጠፋል፣ ሚዛን ይከዳል፣ ወይም ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ከባድ ራስ ምታት በቅጽበት ይነሣል። ምልክቱ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ በራሱ ሲለቅ ብዙ ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ይተወዋል። ይህ አላፊ ስትሮክ ይባላል። በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ዋናው ስትሮክ ሊከተል ስለሚችል፣ የተሻለው ሰው በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት።

በየመንደሩ የፊት መጣመም በምች፣ የእጅና የእግር መዛል በዓይን ወይም በዛር ይመካኛል። ማን ያይለታል፣ የት ይወሰድ እየተባለ ሲመከርም ሰዓቱ ያልፋል። ጠበልና ሕክምና ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ፤ የስትሮክ ሕክምና ግን ቀጠሮ አይጠብቅም።

ለዓለም ከተማና ለአካባቢዋ ሰዓቱን የሚበላው ምክር ብቻ አይደለም። የመርሐቤቴ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ዓለም ከተማ ከአዲስ አበባ በሙከጡሪና በለሚ በኩል ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በመካከል የጀማ ወንዝ ሸለቆ አለ፤ መንገዱ ከደጋው አፋፍ ቁልቁል እስከ ወንዙ ወርዶ እንደገና ወደ ማዶው አምባ ይወጣል። በከተማዋ ሰዎች ለሰዎች በተባለው ድርጅት ድጋፍ የተሠራው እናት ሆስፒታል ይገኛል። ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጣ ታማሚ ግን እዚያ ለመድረስም መጀመሪያ በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ መውጣት ሊያስፈልገው ይችላል። በመንዝና በግሼ ከፍታዎች፣ በመሐል ሜዳና በራቤል ዙሪያ ባሉ ገጠሮችም ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

የጊዜው ጉዳይ ይህን ያህል የሚከብደው ስትሮክ ሁለት ዓይነት ስለሆነ ነው። አንደኛው የደም ሥሩ በረጋ ደም ሲዘጋ የሚመጣው ነው። ሁለተኛው የደም ሥሩ ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ሲፈስ የሚመጣው ነው። የተዘጋውን ለመክፈት የረጋ ደም የሚያሟሟ አልቴፕሌዝ የተባለ መድኃኒት አለ። ጥቅሙ በ1995 በታተመ የአሜሪካ ጥናት በሦስት ሰዓት ውስጥ ለደረሱ ታማሚዎች ተረጋገጠ፤ በ2008 የወጣ የአውሮፓ ጥናት ጊዜውን ወደ አራት ሰዓት ተኩል አራዘመው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 መድኃኒቱን ለስትሮክ አስፈላጊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ይኸው መድኃኒት ደም እየፈሰሰው ላለ አንጎል ቢሰጥ ግን ሊገድል ይችላል።

ሁለቱን ዓይነቶች በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። እጁ የዛለበትና አፉ የተያዘበት ታማሚ በሁለቱም መልኩ አንድ ነው። የሚለየው ሲቲ ስካን ነው፤ መሣሪያው ደግሞ በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ይገኛል። ስለዚህ ስትሮክ ለተጠረጠረበት ሰው ቤት ውስጥ አስፕሪን መስጠት ትክክል አይደለም፤ በሽታው ደም መፍሰስ ከሆነ አስፕሪኑ ሊያባብሰው ይችላል። ውኃም ሆነ ምግብ በአፉ መስጠትም አደገኛ ነው። የመዋጥ ኃይሉ ተዳክሞ ከሆነ ያጎረሱት ወደ ሳንባው ይገባና የሳንባ ምች ያመጣበታል። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች ሲወርድም ስትሮክ ሊመስል ስለሚችል፣ በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ የመጀመሪያ ሥራው ስኳሩን መለካት ነው።

ስትሮክ ሰውን ባይገድል እንኳ ምን እንደሚያስቀር የሰሜን ሸዋ ሰው ከራሱ ታሪክ ያውቃል። በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በዘመናቸው መጨረሻ ተደጋጋሚ ስትሮክ ደርሶባቸዋል። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጣባቸው ከባዱ ሕመም መንቀሳቀስና መናገር ነሥቷቸው እስከ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ድረስ አልጋ ላይ ቆይተዋል። በእነዚያ ዓመታት በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የተነሣው የሥልጣን ፉክክር የአገሪቱን ታሪክ ቀይሯል። በአንድ ገበሬ ቤት ደግሞ ያው ሕመም በሌላ መልኩ ይደገማል። አራሹ ሲወድቅ መሬቱ ለእኩል ይሰጣል፤ ሚስት ወይም ሴት ልጅ አስታማሚ ሆና ከሥራና ከትምህርት ትቀራለች፤ ለመታከሚያ በሬ ይሸጣል። የስትሮክ ጉዳት ሲባል ሞቱ ብቻ ሳይሆን ይህ ሁሉ አብሮ ነው።

ይህን ጉዳት ለመቀነስ አንዳንድ አገሮች የተለየ መንገድ ሞክረዋል፤ በየሆስፒታሉና በየዩኒቨርሲቲው ተበታትኖ የሚሠራውን ምርምር በአንድ አገር አቀፍ አውታር ማሰር። ከቀደሙት አንዱ በ1999 የተመሠረተው የካናዳ የስትሮክ አውታር ነው። በመንግሥት ገንዘብ የተቋቋመ ሲሆን፣ በኦታዋ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪም በዶክተር አንትዋን ሃኪም መሪነት በመላ አገሪቱ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችን ተመራማሪዎች አሰባስቧል። ዓላማው ስትሮክ በካናዳውያን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መቀነስ ነበር። በውስጡ የሴል ሳይንቲስቱ፣ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውና የጤና ኢኮኖሚ አጥኚው በአንድ ጥያቄ ላይ ይመክሩ ነበር። በላቦራቶሪ የተገኘ ነገር አልጋው ዳር እስኪደርስ፣ አልጋው ዳር የታየው ችግርም ወደ ላቦራቶሪ እስኪመለስ ብዙ ዓመት ይፈጅ ስለነበር፣ አውታሩ ይህን ርቀት ለማሳጠር ሠርቷል። በ2006 የአገሪቱ የመጀመሪያ የስትሮክ እንክብካቤ መመሪያ ወጣ፤ አውታሩ ሕዝቡ ጨው እንዲቀንስም ዘመቻ አካሂዷል። በዚያው ዘመን በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በሩቅ ሆስፒታል ያለ ታማሚ በቪዲዮ ለነርቭ ሐኪም የሚታይበት አሠራር ተጀመረ፤ የሲቲ ስካኑ ምስልም በመስመር ይላክለታል። ሐኪሙ ታማሚው አጠገብ ሳይገኝ መድኃኒቱ ይሰጥ ወይም አይሰጥ ብሎ ይወስናል።

ከአውታሩ ሥራዎች ለሌሎች አገሮች ትልቁን ትምህርት የሰጠው ግን መዝገቡ ነው። መዝገቡ ወደ ተመረጡ ሆስፒታሎች የመጣን የስትሮክ ታማሚ ሁሉ ለመመዝገብ የታሰበ ነበር፦ ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ በስንት ሰዓት ደረሰ፣ ምን ተደረገለት፣ እንዴት ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ታማሚው ወይም ቤተሰቡ በጽሑፍ ካልፈቀደ መመዝገብ አይቻልም ነበር። ሐሳቡ የሰውን ክብር የሚጠብቅ ነው። ውጤቱ ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ታየ። ዶክተር ጃክ ቱና ባልደረቦቻቸው በ2004 እንዳሳተሙት፣ በመጀመሪያው ዙር የተመዘገቡት ከመቶ 39 ያህሉ፣ በሁለተኛው ዙር ከመቶ 51 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከተመዘገቡት መካከል በሆስፒታል የሞቱት ከመቶ 7 ያህል ሲሆኑ፣ ካልተመዘገቡት መካከል የሞቱት ግን ከመቶ 22 ያህል ነበሩ። ፈቃድ ሳይጠየቁ የሞቱት፣ አእምሯቸውን የሳቱት፣ ቤተሰብ ያልተገኘላቸው ሁሉ ከመዝገቡ ውጭ ቀርተዋል። መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው ስትሮክ ከእውነቱ የቀለለ በሽታ ይመስለው ነበር። አሠራሩ በኋላ ተለውጦ፣ ምሥጢሩ በሕግ እየተጠበቀ ሁሉም ታማሚ የሚመዘገብበት መንገድ ተገኘ።

ይህ ከመዝገብ ውጭ የመቅረት ነገር ለኢትዮጵያ ከካናዳ ይልቅ ይከብዳል። በኢትዮጵያ ስለ ስትሮክ የሚታወቀው አብዛኛው ሆስፒታል ከደረሱ ታማሚዎች የተገኘ ነው። ቃሬዛ ላይ ያረፈው፣ መኪና ሳያገኝ የቀረው፣ ቤቱ ሆኖ ያለፈው ሰው በየትኛውም የሆስፒታል መዝገብ ውስጥ የለም።

በዚህ ረገድ አገሪቱ ከባዶ አትነሣም። ዘመናዊው የነርቭ ሕክምና በኢትዮጵያ ሲነሣ በግንባር ቀደምነት የሚጠሩት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ መርምረው በ1990 አሳተሙ። ያኔ የተገኘው የስትሮክ ቁጥር ከመቶ ሺህ ሰው 15 ያህል ነበር። ቁጥሩ አነስተኛ ቢመስልም አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ቤት ለቤት የሚደረግ ቆጠራ የሚያገኘው በሕይወት ያሉትን ነው፤ በስትሮክ የሞቱት አይቆጠሩበትም። ጥናቱ ከዚያ ይልቅ ያስተማረው፣ በገጠር ኢትዮጵያ ሐኪም ያላያቸውን የነርቭ ሕመሞች ሰው በየደጁ ሄዶ ሊያገኛቸው እንደሚችል ነው።

የሕክምና ባለሙያውም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። የነርቭ ሐኪሞች በአገሪቱ በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ለረጅም ጊዜ ቆይተዋል። በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ተጀመረ፤ የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሐኪሞችም በማስተማር አግዘዋል። ከዚያ ወዲህ ስፔሻሊስቶች በአገር ውስጥ እየተመረቁ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ደግሞ ለስትሮክ ታማሚዎች ብቻ የተለየ ክፍል ተከፍቷል። በ2017 በዚህ ክፍል በተጠኑ 116 ታማሚዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል የደም ግፊት ነበረባቸው። ግማሽ ያህሉ ስትሮካቸው ከደም መፍሰስ የመጣ ነበር። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከስትሮክ ታማሚዎች አብዛኛዎቹ፣ ከመቶ 85 ያህሉ፣ የደም ሥራቸው የተዘጋባቸው ናቸው። የደም መፍሰሱ እዚህ መብዛቱ ያልታወቀና ያልታከመ ግፊት ምን ያህል እንደሆነ ይመሰክራል። ሲቲ ስካን ሳይነሣ በግምት መድኃኒት መስጠት በኢትዮጵያ ይበልጥ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ሙታንን በመቁጠርም በአዲስ አበባ የተሠራ የሚደነቅ ሥራ አለ። ከ2001 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ መቃብር ቦታዎች ቀብሮችን እያስመዘገቡ፣ ለሐዘን ከተቀመጡ ቤተሰቦችም ሟቹ በምን ሁኔታ እንዳረፈ በጥንቃቄ እየጠየቁ የሞትን ምክንያት አጥንተዋል። ከ2006 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት በዚህ መንገድ ሲታይ ከአዋቂዎች ሞት ግማሽ ያህሉ የልብ፣ የደም ሥር፣ የካንሰርና መሰል ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ያመጡት ነበር። ገጠሩን በተመለከተ ቡታጅራ፣ በሰሜን ጎንደር ዳባት፣ በጅማ ጊልገል ጊቤ፣ በሐረርጌ ቀርሳ፣ በትግራይ ክልተ አውላዕሎና በደቡብ አርባ ምንጭ ልደትና ሞት በየጊዜው የሚመዘገብባቸው የዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ጣቢያዎች ሆነዋል፤ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ማዕከላት አውታር ሥርም ተሳስረዋል። መንዝና መርሐቤቴ ከእነዚህ ጣቢያዎች አንዱም የለባቸውም።

ለስትሮክ የሚያጋልጠውን ነገር ደግሞ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2015 በመላ አገሪቱ አጥንቷል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት መቶ ሰዎች 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ከእነዚህ መድኃኒት የሚወስዱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የአንድ ሰው የቀን ጨው ፍጆታ 8.3 ግራም ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ወጥ ሲጣፍጥ ጨው ይገባበታል፤ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁም ጨው አለባቸው፤ ገበታ ላይ ደግሞ ይጨመራል። የትኛው ይቀነስ የሚለው ለባለሙያም ለባለቤትም ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ቆጠራው በአንድ ቦታ፣ ሕክምናው በሌላ፣ የግፊት ጥናቱ በሦስተኛ ቦታ ተቀምጧል። እያንዳንዱ በየተቋሙ የተሠራ መልካም ሥራ ነው። የጅማው ሐኪም የሚያየውን ከዳባቱ ቆጣሪ መዝገብ፣ የጥቁር አንበሳውን ስፔሻሊስት ከእናት ሆስፒታሉ ጠቅላላ ሐኪም ጋር የሚያገናኝ ቋሚ ማሰሪያ ግን ያስፈልጋል። ይህ የቅንጦት ጉዳይ እንዳልሆነ ምዕራብ አፍሪካ አሳይቷል።

በናይጄሪያና በጋና ሳይረን በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው የስትሮክ ምርምርና ትምህርት አውታር ከ2014 ጀምሮ ሠርቷል። በናይጄሪያዊው ፕሮፌሰር ማዮዋ ኦዎላቢና ባልደረቦቻቸው መሪነት፣ ስትሮክ የደረሰባቸውን 2,118 ሰዎች በዕድሜ፣ በጾታና በትውልድ ከሚመስሏቸው ጤነኛ ጎረቤቶች ጋር አነጻጸሩ። በ2018 የወጣው ውጤት፣ በእነዚያ አገሮች ከሚደርሰው ስትሮክ ከመቶ 98 ያህሉ ሊታረሙ ከሚችሉ 11 ምክንያቶች ጋር እንደሚያያዝ ገለጸ። ከሁሉ የከበደው የደም ግፊት ነው፤ ሌሎቹ የደም ቅባት መዛባት፣ የስኳር ሕመም፣ የወገብ ውፍረት፣ የልብ ሕመም፣ ሲጋራ፣ ጭንቀት፣ ሰውነትን አለማንቀሳቀስ፣ ሥጋ ማዘውተር፣ ቅጠላ ቅጠል አለመብላትና ገበታ ላይ ጨው መጨመር ናቸው። ቅጠል አለመብላት ለብቻው ነጥሮ መውጣቱ ለአፍሪካ አዲስ ግኝት ነበር፤ ከሌላ አህጉር በተዋሰ መጠይቅ ብቻ ቢሆን ላይገኝ ይችል ነበር። በ2020 የአፍሪካ የስትሮክ ድርጅት ተመሥርቶ በአህጉሩ ያሉ ሐኪሞችንና ተመራማሪዎችን ማገናኘት ጀምሯል።

የኢትዮጵያ ደጋማ አገር የራሱ ጥያቄዎች አሉት፤ ሌላ አገር ሊመልስለት አይችልም። አንዱ የከፍታ ጉዳይ ነው። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች አየሩ ሲሳሳ ቀይ የደም ሴላቸው ይበዛል፤ ደማቸው ይወፍራል፤ ወፍራም ደም ደግሞ መርጋት ይቀናዋል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ግን በሰሜን ተራሮች በአምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሄሞግሎቢን መጠናቸው ከቆላ ሰው የማይለይ መሆኑን በ2002 አሳትመዋል። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ያለው የመንዝ ሰው ከፍታው ከስትሮክ ይጠብቀዋል ወይስ አይጠብቀውም? ይህን ለመመለስ በመንዝ መቁጠር ያስፈልጋል።

ሌላው ጭስ ነው። በብርዱ አገር በር ተዘግቶ በኩበትና በእንጨት ይነደዳል፤ የቤት ውስጥ ጭስ ለስትሮክ ከሚያጋልጡት አንዱ መሆኑ በዓለም አቀፍ ጥናቶች ታውቋል፤ ጭሱን ከሁሉ በላይ የሚተነፍሱት ሴቶችና በጀርባቸው የታዘሉ ሕፃናት ናቸው። ሦስተኛው የልጆች ጉሮሮ ሕመም ነው። ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት በአንዳንድ ልጆች የልብ መዝጊያዎችን ያበላሻል፤ የተበላሸች ልብ ምቷ ሲዛባ ውስጧ ደም ይረጋል፤ የረጋው ወደ አንጎል ሲወጣ የሃያና የሠላሳ ዓመት ወጣት በስትሮክ ይወድቃል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሚታዩ ወጣት የስትሮክ ታማሚዎች አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በወቅቱ የሚሰጥ ፔኒሲሊን ያስቆመዋል።

አራተኛው የግፊት መድኃኒትና ጾም ነው። የደም ግፊት አያምም፤ ታማሚው ሕመም ስለማይሰማው መድኃኒቱን ሲተወው ምንም አይመስለውም። እንክብሉ ሲያልቅ ሌላ ለማምጣት የአንድ ቀን መንገድ ካለ፣ በጾም ወራትም እስከ ቅዳሴ መውጫ ውኃ ካልተቀመሰ፣ መቋረጡ የተለመደ ይሆናል። አምሎዲፒንና ኢናላፕሪልን የመሳሰሉ መድኃኒቶች በየትኛው ሰዓት ቢወሰዱ ለጾመኛ እንደሚመቹ ሐኪሙ፣ ታማሚውና የንስሐ አባቱ ተነጋግረው መወሰን ይችላሉ። ይህን በሥርዓት አጥንቶ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መመሪያ የሚያወጣ ምርምር፣ ከውጭ ከሚመጣ ውድ መሣሪያ ይልቅ ብዙ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ቆጠራውም እዚሁ ያለ ሀብት አለው። በመርሐቤቴም ሆነ በመንዝ ዕድር የማያውቀው ሞት የለም። የአዲስ አበባው የመቃብር መዝገብ እንደሠራ ሁሉ፣ ዕድርተኞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በአንድ አጭር መጠይቅ በስትሮክ የሞተውን ከሌላው መለየት ይችላሉ። ለተመራማሪው የሚቀረው ሥራ እነርሱን አሠልጥኖ፣ የተሰበሰበውን ደብረ ብርሃን በአሥራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ተንትኖ፣ ውጤቱን ለሰጡት ሰዎች መልሶ መንገር ነው። ውጤቱን ለባለቤቱ ያልመለሰ ምርምር ሁለተኛ ጊዜ ቢመጣ በር አይከፈትለትም፤ ባይከፈትለትም ተገቢ ነው።

ከስትሮክ በኋላ ያለው እንክብካቤ ሌላው ትልቅ ዘርፍ ነው። በተለያዩ አገሮች ተደጋግሞ የተረጋገጠው፣ ታማሚዎችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ የሠለጠኑ ነርሶች፣ ሐኪምና ፊዚዮቴራፒስት አንድ ላይ ሲከታተሏቸው ሞትም አካል ጉዳትም እንደሚቀንስ ነው። ይህ ውድ መድኃኒት አይጠይቅም። መዋጥ መቻሉን ሳይፈትኑ አለማጉረስ፣ ትኩሳትንና ስኳርን መከታተል፣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ የሳንባ ምችንና የአልጋ ቁስልን መከላከል በወረዳ ሆስፒታል የሚቻሉ ናቸው።

መልካም የሚመስል ነገር ሁሉ ግን ጥቅም እንደማይሰጥም ምርምር አሳይቷል። ታማሚውን በ24 ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ማስነሣትና ማራመድ ይጠቅማል ተብሎ ይታመን ነበር። በአምስት አገሮች ከሁለት ሺህ በላይ ታማሚዎች ተፈትኖ በ2015 ሲታተም፣ ውጤቱ ከተለመደው ቀስ ያለ አያያዝ የባሰ ሆኖ ተገኘ። በሕንድ ደግሞ 14 ሆስፒታሎች ተሳስረው፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሌለበት ቤተሰብ ሠልጥኖ ታማሚውን ቢያለማምድ ይሻለው እንደሆነ በ1,250 ታማሚዎች ፈተኑ። በ2017 የወጣው መልስ ከተለመደው እንክብካቤ የተለየ ጥቅም አልታየም የሚል ነበር። ቤተሰብን ማሠልጠን ለኢትዮጵያም የመጀመሪያው የሚታሰብ መፍትሔ ስለሆነ፣ ይህ የሕንዶች መልስ ብዙ ድካምና ገንዘብ ያድናል፤ የተሻለ መንገድ እንዲፈለግም ያስገድዳል። አንድ ሆስፒታል ብቻውን እንዲህ ያለ ጥያቄ መመለስ አይችልም፤ በቂ ታማሚ የሚያገኘው ብዙዎች ሲተባበሩ ነው።

እንዲህ ያለ አውታር በኢትዮጵያ እስኪዘረጋ ድረስ በየቤቱ ሊደረግ የሚችለው ይታወቃል። ዕድሜው ከ30 ያለፈ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በጤና ጣቢያ ግፊቱን ይለካ። የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ሲደርስና በተለያየ ቀን ተለክቶ እንደዚያው ከቆየ ግፊት አለ ማለት ነው፤ የተጀመረ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ቃል አይቋረጥም። ገበታ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ይቅር። ጎመን፣ ሰላጣና ሌላውም ቅጠል በፍስክም በጾምም ከገበታ አይጥፋ። አረቄና ሲጋራ ይራቁ። ጉሮሮው የቆሰለ ልጅ ይታከም።

ስትሮክ ሲደርስ ታማሚው በጎኑ ተጋድሞ በአፉ ምንም ሳይሰጠው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። አብሮት የሚሄደው ሰው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይያዝ፤ ታማሚው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓትም አረጋግጦ ይንገር። ተኝቶ ሳለ ከተመታ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከነቃበት ሳይሆን ጤነኛ ሆኖ ከተኛበት ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ መዝገብ ያዡም መጀመሪያ የሚጽፈው ይህን ሰዓት ነው፤ ካልታወቀ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው አይሰጥም።